አስካለማርያም የመረጠቻት የጽሕፈት መኪና

አስካለማርያምን ጧት ጧት የማገኛት በተዘጋ በር ፊት ቆማ ነበር። የበሩ ቁልፍ በእጇ አለ፤ ግን አትከፍተውም። የደብረ ብርሃን ውርጭ ጣቶቿን ስለሚያደርቅባት ቁልፉን ማዞር አይሆንላትም። እኔ እስክደርስ ግድግዳውን ተደግፋ ትጠብቀኛለች። ስደርስ ምንም ሳትናገር ትሰጠኛለች፤ እኔም ምንም ሳልናገር እከፍትላታለሁ። ሰላምታውን የምንለዋወጠው ከገባን በኋላ ነው። ሁለታችንም ሥራ ሳንጀምር የደከመን ሰዎች ነበርን።

እሷ የመሥሪያ ቤታችን ታይፒስት ናት። እኔ ዘርአ ዳዊት ደግሞ ከሷ ቀጥሎ ባለው ክፍል የማባዣ ሠራተኛ ነበርኩ። እሷ ስቴንስል የሚባለውን የሰም ወረቀት ትመታለች፤ እኔ ማባዣው ላይ አጥልቄ እጀታውን ሳዞር እውላለሁ። ከኛ እጅ የወጣው ወረቀት በየወረዳውና በየገበሬ ማኅበሩ ይበተናል፤ ማን እንደሚያነበው እግዜር ይወቀው። መሥሪያ ቤቱን በስም አልጠራውም። በደርግ ጊዜ ከነበሩት የአውራጃ መሥሪያ ቤቶች አንዱ ነው ብትሉ ይበቃል።

ዘመኑ የስብሰባ ዘመን ነበር። የስብሰባ ጥሪ ይጻፋል፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ የመሠረተ ትምህርት ሪፖርት ይጻፋል፣ ሪፖርቱ ለምን እንደዘገየ የሚያስረዳ ሌላ ሪፖርት ይጻፋል። ይህ ሁሉ የሚያልፈው በአንዲት ሴት ጣት ነው። የአማርኛ መኪና ደግሞ እንደ እንግሊዝኛው አይደለም። ብዙውን ፊደል ባንድ ምት አትገላገለውም፤ መጀመሪያ ገላውን ትመታለህ፣ ከዚያ እግሩን ወይም ቀለበቱን ትቀጥልለታለህ። በእኛ መኪና ላይ የቅጥያዎቹ ቁልፎች የተደረደሩት በቀኙ ጠርዝ ስለነበር ሥራው ሁሉ የሚያርፈው በትንሿ ጣት ላይ ነው። ሌሎቹ ጣቶች ተራ እየጠበቁ ሲያርፉ ያቺ ምስኪን እረፍት የላትም። የአስካለማርያም ትንሽ ጣት ዛሬም ድረስ ቀጥ ብላ አትዘረጋም።

የምትሠራባት መኪና «በቅሎዋ» ትባላለች። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ከጃንሆይ ጊዜ የተረፈች ጥቁር ብረት ናት፤ ቁልፎቿ ሽቅብ የቆሙ፣ አንዱን ለመጫን ክንድን ከትከሻ ማንሳት የሚያስፈልጋት። ብርድ ሲሆን ዘይቷ ይረጋና ጭራሽ ትለግማለች። አስካለማርያም የሱፍ ካልሲ ጫፉን ቆርጣ እጇ ላይ ታጠልቅና፣ ከሻይ ቤት የመጣላትን ብርጭቆ በሁለት እጇ አቅፋ እስኪሞቃት ትቆያለች። ሻዩን የምትጠጣው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

የአንኮበር ልጅ ናት፤ አባቷ መሪጌታ ነበሩ። እሳቸው ካረፉ በኋላ እናቷን እማሆይ አመተ ማርያምን ደብረ ብርሃን አምጥታ ከሷ ጋር ታኖራቸዋለች። የእማሆይ ዓይን ፈዟል፤ ከልጃቸው በቀር ሰው የላቸውም። የአስካለማርያም እጅ እንቢ ያለ ቀን ሁለቱም የሚገቡበት የላቸውም። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ አንነጋገርበትም። ሐኪም ቤት ሄዳ ብታሳይ «እጅሽን አሳርፊ» ብለው ሰደዷት። ስትነግረኝ ሳቀች።

«እጄን ካሳረፍኩማ ማን ያበላኛል?» አለች። ከዚያ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ማታ እኮ የእማዬን ራስ ማጠብ አቃተኝ። ጎረቤት ጠርቼ አሳጠብኳቸው። አፈርኩ፣ ዘርአ ዳዊት» አለችኝ።

የማባዣውን እጀታ ማዞሬን ቀጠልኩ።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ ሁለት አዳዲስ የጽሕፈት መኪናዎች መጡ። የወዳጅ አገር ስጦታ ናቸው ተባለ፤ የትኛው ወዳጅ እንደሆነ የጠየቀ የለም። አንዷ ግራጫ ናት፣ ሁለተኛዋ አረንጓዴ። አንደኛዋ እኛ ዘንድ ልትቀር፣ ሌላዋ አንኮበር ላለው ቅርንጫፋችን ልትላክ ተወሰነ። ኃላፊያችን ጓድ ወልደአረጋይ ደግ ሰው ነበር፤ ብቻ ደግነቱ ድምፅ አልነበረውም። አስካለማርያምን አስጠርቶ፣ «ቀኑን ሙሉ የምትታገያት አንቺ ነሽ፤ ንብረት ክፍል ሂጂና የሚመችሽን ምረጪ» አላት።

ከሱ ቢሮ ወጥታ በቀጥታ ወደኔ መጣች።

«የሚመችሽን አለኝ እኮ» አለችኝ።

«እና?»

«እንጃ። ምን እንደሚመቸኝ ረስቼዋለሁ።»

ተያይዘን ሄድን። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ዘይኑልአቢዲን የአልዩ አምባ ሰው ነው። ከቆላ ወጥቶ እዚህ ብርድ ውስጥ በመመደቡ መንግሥትን አኩርፎ የሚኖር ሰው ነበር፤ ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጥሎ ይውላል። ገና ሲያየን፣ «ግቡ፣ ግቡ፣ በሩን ዝጉት! ይኸን ውርጭ አታስገቡብኝ» አለ። ክፍሉ ባዶ ቆርቆሮ ስለነበር ከውጭ ይልቅ የሚበርደው እውስጥ ነው። ሁለቱን መኪናዎች አንድ አሮጌ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠልን።

ሰው አዲስ መኪና ሲሞክር ስሙን ይጽፋል። አስካለማርያም ግን ስሟን አልጻፈችም። እጇን የምትፈትንበትን ከባድ ነገር ፈለገችና፣ በየወረቀቱ ግርጌ የምትመታውን መፈክር መረጠች፤ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት!» የሚለውን። ያ መስመር በዚያን ጊዜ ከየትኛውም ደብዳቤ ሥር አይቀርም ነበር። ስለ ጠፋ ኮርቻ ብትጽፍም ግርጌው ላይ እሱ አለ። ገጹን በሙሉ መትታ ጣቷ ሲዝል የሚመጣው እሱ ስለሆነ፣ ከሱ የበለጠ የምትፈራው መስመር አልነበረም።

መጀመሪያ ግራጫዋ ላይ ተቀመጠች። ወረቀት አስገባችና ዓይኗን ጨፈነች። የግራጫዋ ቁልፎች ጥልቅ ናቸው፤ ጣት ወርዶ ወርዶ ነው መሬት የሚነካው፤ ስትለቃቸውም ቶሎ አይመለሱም። «አብዮታዊት» ላይ ደህና ነበረች። «እናት አገር» ላይ ትከሻዋ መነሳት ጀመረ። «ወይም» ብላ እንደጨረሰች ትንሿ ጣቷ ታጥፋ ቀረች። እጇን ከመኪናዋ አንስታ ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

«ይቺስ ከበቅሎዋ አትሻልም» አለች።

ከዚያ ወደ አረንጓዴዋ ዞረች። እጇን ቁልፎቹ ላይ ስታሳርፍ ወዲያው አንድ ነገር እንደገባት ከፊቷ አየሁ። ቁልፎቹ ሰፊ ናቸው፣ ትንሽ ጎድጎድ ብለው ጣትን ይቀበላሉ፤ ደረጃቸውም ዝቅ ያለ ስለሆነ ክንድ ጠረጴዛው ላይ እንደተኛ ይቀራል። ነካ ስታደርጋቸው ይወርዳሉ። መፈክሩን እስከ መጨረሻው መታች፤ ደገመችው፤ ወረቀቱ እስኪያልቅ ቀጠለች። ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ «ወላሂ፣ ይቺ ልጅ ልትዘፍን ነው» አለ።

«ይቺ ናት፣ ጋሽ ዘይኑ» አለችው። «ይቺን ስጠኝ።»

ግራጫዋን ወደ ሳጥኗ ሲመልሳት ወረቀቱ በማዞሪያዋ ጎማ ላይ እንደተጠመጠመ ነበር። ላወጣው ስል ከለከለኝ። «ተወው፣ ተወው። የአንኮበር መንገድ ኮረኮንች ነው፤ የፊደሎቹ ብረቶች ጎማውን እንዳይደበድቡት ወረቀት መሀል ይኑር» አለ። ትክክል ነበር፤ የጽሕፈት መኪና መንገድ ሲሄድ ሁሌም እንዲህ ነው የሚደረገው። ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ ሦስታችንም ልብ አላልንም። ያንን መፈክር ማንበብ ካቆምን ቆይቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት ለአስካለማርያም እንግዳ ቀናት ነበሩ። አንድ ጧት እንደልማዴ ስመጣ በሩ ክፍት ነው። ሌባ የገባ መስሎኝ ደንግጬ ብሮጥ፣ እሷ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች፤ ያውም ትኩሱን።

«ማን ከፈተልሽ?» አልኳት።

«እኔው ነኛ!» አለችኝና ሳቀች።

እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር አለኝ። ሰው ለካ የሚፈለግበትንም ድካም ይለምዳል። በዚያው ሰሞን ቅዳሜ የእናቷን ራስ ራሷ አጥባ፣ ሰኞ መጥታ ስትነግረኝ ደሞዝ የተጨመረላት ትመስል ነበር።

የመሥሪያ ቤታችን የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ገብረአማኑኤል ይባላል። ወጣት ነው፤ ፊቱ ከዓመት ዓመት እንቅልፍ ያጣ ነው። ክፉ ሰው ነበር ብዬ ልገላገል እችል ነበር፤ ግን አይመስለኝም። የበላዮቹን የሚፈራ ሰው ነበር፤ ከክፉው ይልቅ የሚያስቸግረው እንዲህ ያለው ነው። ለገበሬ ማኅበራት ሴሚናር አንኮበር ሲሄድ ግራጫዋ በሱ መኪና ተጫነች።

እዚያ የሆነውን ሾፌሩ ነው የነገረን። ጓድ ገብረአማኑኤል ሳጥኑን ሕዝብ ፊት አስከፈተ። ስለ ወዳጅ አገሮች ትብብር ተናገረ፤ ረጅም ተናገረ። ሲጨርስ ጎማው ላይ ወረቀት አየ፤ መፈክር መሆኑን እንዳየ ደስ አለው፤ ንግግሩን ሊዘጋበት ግራ እጁን አነሳ። ሕዝቡም እንደተለመደው ግራ እጁን አነሳ። «አብዮታዊት እናት አገር ወይም!» ብሎ አነበበና የሚቀጥለውን ቢፈልግ የለም። ወረቀቱ ባዶ ነው። አንብቦ መጨረስ የለመደ ሰው ስለሆነ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ሕዝቡ እጁን ሰቅሎ ይጠብቃል። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቢጨንቃቸው፣ «ወይም ምን አሉን?» ብለው ጠየቁ። ሰዉ ሳቀ። ሾፌሩ ይህን ሲነግረን እኛም ሳቅን፤ አስካለማርያም ብቻ አልሳቀችም። እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ረቡዕ ከሰዓት የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ሁሌም እሷ ናት፤ ያን ቀን ግን ጉዳዩ የሷ ስለሆነ እስክሪብቶው ለኔ ተሰጠኝ። ጓድ ገብረአማኑኤል ወረቀቱን አንስቶ ለሁሉም አሳየ።

«ይኼን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ጓድ።»

«ሞት ጋ ስትደርሺ ለምን ቆምሽ?»

«ጣቴ ነው የቆመብኝ። አመመኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን አፍኖ አስነጠሰ። ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ተነስቶ፣ «ጓድ፣ ወረቀቱን እዚያ የተውኩት እኔ ነኝ። ለጎማው ብዬ ነው። ጥፋት ካለ የኔ ነው» አለ። «በተራህ ትጠየቃለህ፣ ተቀመጥ» ተባለና ተቀመጠ። ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ሳበው።

እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ጠረጴዛ ጠረጴዛውን አያለሁ። ጓድ ወልደአረጋይም እንደኔው ነው። የሚመችሽን ምረጪ ያላት እሱ መሆኑን እሱ ያውቃል፣ እሷ ታውቃለች፤ እሷ ግን ስሙን አላነሳችም።

አስካለማርያም ግን አንድ መዳኛ ነበራት። ከቦርሳዋ አረንጓዴዋ ላይ የሞከረችበትን ወረቀት አወጣች፤ ለመልካም ትዝታ ብላ አስቀምጣው ኖሯል። ከላይ እስከ ታች መፈክሩ ሙሉውን፣ ከነሞቱ፣ ከነቃለ አጋኖው ተደርድሮበታል።

«ጓድ፣ ይኸው እዩልኝ» አለች፤ ድምጿ ትንሽ ደፈር አለ። «መጻፉን ጠልቼ ቢሆን ኖሮ ይኼን ሁሉ እጽፋለሁ? የዚያችኛዋ ቁልፍ ከብዶኝ ነው እንጂ። በምትመቸኝ መኪና እስከ መጨረሻው ጽፌዋለሁ።»

እኔ አለቀ፣ ተረፈች ብዬ ትንፋሼን ለቀቅኩ። ጓድ ገብረአማኑኤል ወረቀቱን ተቀበለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ ረጅም ጊዜ አያቸው። እሱም ሪፖርት የሚያቀርብበት አለቃ አለው፤ ባዶ እጁን መመለስ አይችልም። ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«እንግዲህ ጓዶች፣ ከራሷ አፍ ሰምታችኋል» አለ። «ሲመቻት ለእናት አገር እስከ ሞት ትሄዳለች። ሲከብዳት ወይም ላይ ትቆማለች። ሠራዊታችን ግንባር ላይ የሚመቸውን እየመረጠ ነው የሚዋጋው?»

የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ አነሰ። አስካለማርያም ልታሳያቸው የፈለገች ይመስል እጇን ቀና አድርጋ ትንሿን ጣቷን አየቻት። ያቺን ጣት ለማን ታሳያለች? በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስለ ጣት የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። እንደዚያን ዕለት የደከመኝ ቀን ትዝ አይለኝም፤ የጻፍኩት ግን ሁለት ገጽ እንኳ አይሞላም ነበር።

ውሳኔው ተነበበ። አስካለማርያም በታየባት የምቾት ወዳድነትና የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ይሰጣታል። አረንጓዴዋ መኪና ወደ አንኮበር ትላካለች። ጓዲቱ በሥራ እንድትጠነክር ግራጫዋ ትመለስላታለች። ውሳኔው በጽሕፈት መኪና ተጽፎ ለሚመለከታቸው ሁሉ ይሰራጫል። ትስማማላችሁ ወይ? ተባለ፤ እጃችንን አወጣን። እሷም አወጣች።

በማግስቱ ጧት በሩን ከፍታ አገኘኋት። ቃለ ጉባኤውን ሰጠኋት፤ ምክንያቱም በግቢው ውስጥ ከሷ ሌላ ታይፒስት የለም። የኔ የእጅ ጽሑፍ ለሰው ዓይን የሚሆን አይደለምና፣ «ላንብብልሽ፤ አንቺ ብቻ ምቺው» አልኳት። ካርቦኖቹን በወረቀቶቹ መሀል አደራርባ አስገባች። አረንጓዴዋ ጠረጴዛው ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ተቀምጣለች።

ማንበብ ጀመርኩ። ስሟን ስጠራ ስሟን መታች። ጥፋቷን ሳነብ ጥፋቷን መታች። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አቆመችኝ።

«ምቾት ፈላጊነት ነው ያልከው ወይስ ወዳድነት?»

«ወዳድነት።»

«እሺ» አለችና መታችው።

ቁልፎቹ ዝቅ ባለ ድምፅ ይወርዳሉ፣ ይመለሳሉ። ክንዷ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። ግራጫዋ ትመለስ የሚለው አንቀጽ ላይ ስደርስ መስመሩ ጠፋብኝ፤ እሷ ግን ቃሉን ጠበቀችኝና ስጨርሰው መታችው። ተናደድኩ። በሷ ተናደድኩ፣ በራሴ ተናደድኩ፣ በዚያች ልስልስ መኪናም ተናደድኩ። ግርጌው ላይ ያለውን መስመር አላነበብኩላትም፤ እሱን ማንም አያነብላትም። ትንሿ ጣቷ ወደ ጠርዙ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ሄደች፣ ተመለሰች። «ወይም» አለፈች። «ሞት» ብላ ጨረሰችና ቃለ አጋኖውን አኖረችበት።

ወረቀቶቹን አውጥታ ሰጠችኝ። በዚህ መሀል ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ሳጥኑን ታቅፎ በር ላይ መጥቶ ነበር፤ ግባ ሳይባል አልገባም። አስካለማርያም ከመሳቢያዋ አንድ ወረቀት አወጣች። ፊቱን አየች፣ ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ባዶ መሆኑን ስታረጋግጥ ለኮረኮንቹ መንገድ ብላ ጎማው ላይ ጠመጠመችው። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትንሿን ጣቷን አጠፈቻት፣ ዘረጋቻት።

«ዘርአ ዳዊት» አለችኝ ቀና ብላ፤ «ሁሉንም ጻፍኩት እኮ። ምንም አላመመኝም።»